ባዶ መስመር

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ዝናብ የሐርሊንገንን መስኮት ይመታል፤
የእጄ የዓሣ ሽታ በሳሙናም አልለቀቀ፤
ኒንከ ደብተሯን ዘርግታ፣ እርሳሷ ወረቀቱን ይነካል፤
ከጎኗ ቆሜ ሳለሁ ዓይኔ መስመሯ ላይ ወደቀ።

ከአምስት መቶ ሦስት ላይ
ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት ሲቀነስ ነው ጥያቄው።
እሷ የሠራችው ግን
አንዲት ባዶ መስመር፣ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ፣
ላይዋ ላይ ጉብታዎች፣ ትንሽ፣ ትልቅ፣ ትንሽ፣
ዘልላ ያለፈች የእንቁራሪት መንገድ።

«ይኼ ሥዕል ነው» አልኳት ላጲሱን አንስቼ፤
ጠረግኩት እንቁራሪቷን፣ ቁጥሩን ከላይ ከታች ሠርቼ፦
«ሦስት ለስምንት አይበቃም፤ ከጎረቤቱ ይበደር፤
ጎረቤቱም ዜሮ ነው፣ ባዶ እጁን፤ እሱም ከአምስት ይበደር፤
አምስት ይሰረዝ፣ አራት ይጻፍ፤ ዜሮ ዘጠኝ ይሁን፣ ሦስት አሥራ ሦስት…»

«ግን አባ፣ ብድሩን ማን ይመልሳል?» አለች።

መልስ አልነበረኝም።
የኔ መምህር ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ማስመሪያ ነበረው።
«ዝም ብለሽ ጻፊ!» ጮኽኩ።
እርሳሷን አስቀመጠች።
ዕንባዋ የሰረዝኩት አምስት ላይ ጠብ አለ፤
ቀለሙን ይዞት ሄደ፣ ቁጥሩ እንደ ጭቃ ተዝለገለገ።

ሐሙስ ወላጆች ተጠራን፤ ልጆቻችን ሒሳብ
እንዴት እንደሚማሩ ልናይ።
እልህ ነው የወሰደኝ፤ ለመማርስ አልነበረም።
ወንበሮቹ የልጅ ናቸው፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረም።
መርከብ ቀቢው ባውከ ከነቱታው ታጥፏል፤
ፎክየ፣ የሌሊት ተረኛዋ ነርስ፣ ታዛጋለች፤
ሰላምታው ሳያልቅ እጄን አወጣሁ፦
«የኛ መንገድ ምን ጎደለው? ይሠራል!» አልኩ፤
መምህርት ሂስከ አልተቆጣችም።
«ይሠራል» አለች። «እሱንም ኋላ ይማሩታል፤
ለምን እንደሚሠራ ሲያውቁ።»
ከዚያ ወደኔ ዞረች፦

«ገበያ ላይ ነዎት እንበል። የሠላሳ ሰባት ዩሮ ዓሣ
መዘኑልኝ፤ ሰጠሁዎት ሃምሳ።»

እጄ ቀደመኝ። ምላሴ የሃያ ዓመት ልማዱን አነሳ፦
«ሠላሳ ሰባት…
ይኸው ሦስት፣ አርባ፤
ይኸው አሥር፣ ሃምሳ።»

ጠመኔ አንስታ አንዲት ባዶ መስመር ሳለች፤
ሠላሳ ሰባትን በግራ፣ ሃምሳን በቀኝ ተከለች፤
ትንሽ ጉብታ፣ ከላዩ ሦስት፤
ተለቅ ያለ ጉብታ፣ ከላዩ አሥር።
«አሁን በአፍዎ የተናገሩት ይኼ ነው» አለች።

ማንን ተበደርኩ? ማንንም።
ምን ሰረዝኩ? ምንም።

ሃያ ዓመት ሙሉ መልስ ሰጥቻለሁ፣ በረዶ ባደነዘዘው ጣት፤
መልሱ ከየት እንደሚመጣ ሳልጠይቅ አንድም ዕለት፤
ልጄ ብትጠይቀኝ፣
መልስ አጥቼ ጮኽኩባት።

(የማባዣውን ሳጥን ግን፣ እውነት ለመናገር፣ እስካሁን አልወደድኩትም።
ባውከ ወዶታል፤ የመርከብ ጎን ስፋት እንዲህ ነው የምለካው ይላል።)

ቤት ስገባ ኒንከ ተኝታለች።
ደብተሯን ከመብራቱ ሥር አዘነበልኩ፤
ላጲስ ቀለም እንጂ ጠባሳ አይጠርግም፣
የእርሳሷ ዱካ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጉዶ ቀርቷል።
ተከተልኩት፦
ከሁለት መቶ ዘጠና ስምንት፣ ሁለት፣ ሦስት መቶ፤
ሁለት መቶ፣ አምስት መቶ፤
ሦስት፣ ደረስኩ።
ሁለት መቶ አምስት።
ልክ ነበረች። ያኔ ማክሰኞ፣ ሳልጠርገው በፊት።

ጠዋት ዳቦዋን እያኘከች ሥዕሌን አየች፤
ቅንድቧ ተሰበሰበ።
«አባ፣ ሁለት መቶው ከሦስቱ አንሶብሃል እኮ» አለች፤
ላጲሷን አነሳች፣
ጉብታዬን ጠረገች፣
ብድሯን መለሰች።