ሦስት የዝምታ ደቂቃ

በርገን ላይ ዝናቡ ዛሬም አላባራ፤
ደመናው ተኝቷል በሰባት ተራራ።
ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ በምድር ቤቱ ጓዳ፣
ዓይኔን ጥያለሁ ከማይክሮስኮፕ ቀዳዳ፤
አንተን አያለሁ፣ አርንፊን፣
አንተን ማለቴ፣ ካንተ የተረፈውን።

ከሞትክ ዘጠኝ ወር አልፏል፤
ለነሱ መርዶ አልደረሳቸውም።
በገላ ሙቀት፣ በስኳርና በጨው ውኃ፣
«አርባ አንድ» ተብለው በሳህን ይኖራሉ፤
ሳህኑ ሲጠባቸው ለሁለት እከፍላቸዋለሁ፣
ደግሞ ይጠባቸዋል።

አንድ ጊዜ መጥተህ ነበር።
«ፈርሜ ከሰጠሁ ልያቸው» ብለህ፣
ስፌቱን በሱፍ ቆብ ሸፍነህ፣
ልጅህ ጉንቮር ክንድህን ይዛ።
እዚህ ወንበር ላይ ብዙ አየህ፣ ምንም አላልክ፤
ኋላ ቀና ብለህ፣
«ምን ይባባላሉ?» ብለህ ጠየቅከኝ።
ሠላሳ አንድ ዓመት በመርከብ ሬዲዮ
አጭሩን ከረጅሙ፣ ድምፁን ከማዕበሉ
ስትለይ የኖርክ ሰው፣
ሌላ ምን ትጠይቃለህ!

እኔም በተሰባበረ ኖርዌይኛ፦
በሕዋስ ደጃፍ ላይ አንድ ዘበኛ አለ፣
ጆሮውን ወደ ውጭ ወደ ደጅ የጣለ፤
መልእክት ሲመጣ ለውስጡ ይነግራል፣
ያም ለወዲያኛው፣ እልፍኝ ድረስ ያልፋል።
«እደግ» ሲሉት ያድጋል፣
«በቃ» ሲሉት ይበቃዋል።
ያንተ ዘበኛ ግን ጆሮው ተቆርጧል፤
ማንም ሳይመርቀው ምርቃት ይሰማል።
ደጁ ጭር ብሎ፣ እሱ ቀን ከሌሊት
«እደግ ተመንደግ» ይላል ለዚያ ቤት።

ለ«ተመንደግ» በቋንቋህ ቃል አጣሁ።
«ሽማግሌ በልጅ ራስ ላይ እጁን ጭኖ የሚለው ነው» አልኩህ፤
አንተም ሳታስበው
እጅህን ወደ ቆብህ ሰደድክ።

ከዚያ ስለ ባሕሩ አወራኸኝ።
«በየሰዓቱ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ሦስት ደቂቃ፣
በውኃ ላይ ያለ ሁሉ መላክ ያቆማል፤
በሬዲዮ ክፍሉ ሰዓት ገጽ ላይ በቀይ ተቀብቷል።
ዓሣ ሻጩ ዝም፣ ለሚስቱ የሚልከው ዝም፣
እኔም ዝም፤
የሚሰምጥ ካለ፣ ድምፁ የደከመ፣
ያኔ ይሰማል።
እነዚህስ» አልከኝ፣ «ዝም የሚሉት መቼ ነው?»

ዝም አይሉም አልኩህ።
ጉንቮር መስኮት መስኮቱን አየች።

ማከሚያ የምንለውን ያን ጊዜ ጨምሬ ነበር፤
ጆሮ ቆራጣው ዘበኛ አፉን ያዘ።
አሥራ አንድ ቀን!
ለባልደረቦቼ ኬክ ገዛሁ፣ አፍሬበታለሁ ዛሬ።
በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወሬው በጓሮ ገባ፣
በማላውቀው በር፣
አንተም በዚያው ሳምንት የቀኝ እጅህ ከዳህ።

ዛሬ ሌላ ነው የሞከርኩት፤ ሁለት በር ባንዴ።
ካልሲየሙ ያበራል፣ አረንጓዴ ብልጭታ፣
በቀጭን ድልድይ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ፤
አጭር። አጭር። ረጅም።
ፊደል እንዳልሆነ አውቃለሁ፣
ጣቴ ግን ጠረጴዛውን ይመታል፣ ሳላዘው፣
ልክ እንዳንተ ጣት።

ከሩብ ላይ ጠፋ።

ሳህኑ ጨለመ። ትንፋሼን ያዝኩ፣
ትንፋሽ የሚያባርራቸው ይመስል።
አንድ ደቂቃ። ዝናቡ።
ሁለት ደቂቃ። ማቀዝቀዣው ራሱ ጸጥ ያለ መሰለኝ፤
በዚያ ጨለማ ውስጥ ጆሮዬን አሾልኩ፣
አንድ ደካማ «በቃ» ከወዴት ይመጣ እንደሁ፣
ከጤነኛው ጎረቤት፣ ከዳር፣ ከየትም።

ከዚያ በስተግራ አንዱ ብልጭ አለ።
አጭር።
ሌላው መለሰለት።

ሰዓትህን ጉንቮር ልካልኛለች፤
ከማቀዝቀዣው በላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ቀዩ ቀለም ደብዝዟል፣
አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል፣ አልነካሁትም።
ስለዚህ በእጄ ሰዓት ነው የለካሁት፦
ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።
ሦስት አልሞላም፣ አርንፊን።

በደብተሬ ቁጥሩን ጻፍኩ፤
ከሥሩም፦ ይደገም።