ሁለቱ አቤት

ከልደታ ፍርድ ቤት፣ ከአጥሩ ሥር ጥላ፣
ማመልከቻ ጽፌ ሃያ ዓመት ስበላ፣
እጄ ብቻ አልነበር ለቅጽ የተገዛው፤
ጸሎቴንም ሳይቀር መስመር ነው የያዘው።
ማታ ሜክሲኮ ጋ ታክሲ ስጠብቅ ቆሜ
በልቤ የምተይበው ይህ ነበር ደጋግሜ፦

   ለልዑል እግዚአብሔር፣
   ባሉበት።
   ጉዳዩ፦ የቤት ኪራይ ጭማሪን ይመለከታል።
   ከላይ በርእሱ እንደተገለጸው
   የአከራዬ የወይዘሮ ትርንጎ ልብ እንዲራራ፣
   የልጄ የምሥክር ሳልም በአስቸኳይ እንዲነሳ
   በማክበር አመለክታለሁ።
   ግልባጭ፦
   ለእመቤቴ ማርያም፣
   ለቅዱስ ገብርኤል፤
   ለክትትል።

መልስ ሲዘገይብኝ ቀጠሮ እቆጥራለሁ፤
«መዝገቡን ማን ያዘው?» እያልኩ አጉረመርማለሁ።

አንድ ማክሰኞ ለታ የማትሰማ መጣች፤
ፋንታነሽ ትባላለች፣ በወረቀት አወራች፣
ችሎት እስኪሰየም አጠገቤ ቆየች።
የልደታ ደወል ሲደወል አልሰማች፤
የመንገደኛው ሁሉ እጅ ወደ ግንባሩ ሲሄድ ግን
በዓይኗ ተከተለች፤
መዳፏን ደረቷ ላይ አሳረፈች፣
ቀስ ብላ ወደ ላይ ከፈተች
እንደ ባዶ ሰሃን።
በቃ።
ግልባጭ የለው፣ ፊርማ የለው።

ሲፈን ደግሞ አለች፣ የፎቶ ኮፒዋ፣
ቶነር ስትቀይር ነው የጸሎት ሰዓቷ።
«አባቴ፣» ትለዋለች፣ «ዛሬ ፈርቻለሁ፤
ምክንያቱን አላውቅም፤ ብቻ ነግሬሃለሁ።»
«ታዲያ ምን ጠየቅሽው?» አልኳት ግራ ገብቶኝ።
«መች መጠየቅ አማረኝ፣» አለች፣ «መንገር ነው ያማረኝ።»

ወይዘሮ አልጋነሽ በይግባኝ ተረቱ።
ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸው ወድቆ፣
ቀና ብለው ጮኹ፦
«አንተስ ዳኛ አይደለህ?
ወይስ አንተም ጋ ወረፋ ነው?»
እኔ ብሆን ያን ቃል እሰርዘው ነበር፣
ችሎት መድፈር ነው ብዬ።
እሳቸው ግን ተነሱ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፣
ቀለል ብሏቸው ሄዱ፤
እኔ ቀረሁ ከብዶኝ።

የአባቴ መቁጠሪያ፣ አርባ አንዱ እግዚኦ፣
ልጅ ሆኜ ስሰማው የተጫረ ሸክላ፣
አንድ ቦታ ቆሞ የሚደጋግም ይመስለኝ ነበር።
ጥቁር አንበሳ ግን፣ ያን ሌሊት፣
ምሥክር አፍንጫው ላይ ቱቦ ተሰክቶ
አንድ መስመር እንኳን መጻፍ ሲያቅተኝ፣
ጣቶቼ ራሳቸው መቁጠር ጀመሩ።
ስንት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ነጋ።
መድገም መራመድ ነው ለካ፤
እግርም ያንኑ አንድ ነገር ደጋግሞ ነው
አገር የሚሻገር።

ትናንት ላፕቶፑ ባትሪው አልቆበት
ዣንጥላውን ሳጥፍ፣
አንድ ልጅ ከኋላዬ «ጋሼ!» ብሎ ሲጣራ «አቤት!» አልኩት።
የጠራው ሌላ ሰው ነበር፤ በሩጫ አለፈኝ።
ቃሉ ግን አፌ ላይ ቀረ፣ እንደ ትኩስ ድንች።

በገጽ መቶ ብር የምሸጠው አቤት
የሚጮኽ ነው፤ ደጅ የሚጠና።
ይሄኛው፣ ሰው በስምህ ሲጠራህ የምትለው፣
ጆሮ ያለው አቤት ነው።
ሃያ ዓመት ሙሉ አቤት ያልኩ ለመሰማት፣
አንድ ቀን እንኳ
ለመስማት አላልኩትም።

ዛሬ ማታ ሜክሲኮ፣ ሰልፉ መሀል፣
ወረቀቱን በልቤ ዘረጋሁ፤
«ባሉበት» ብዬ ጻፍኩ፣
ከሥሩ ምንም።
ካፊያ ጀመረ። «ሣር ቤት፣ የሞላ፣ አንድ ሰው!» ይላል ወያላው።
ኪራዩ አልቀነሰም። ምሥክር ማታ ማታ አሁንም ያስለዋል።
አቤት፣ አልኩ፤
ሰልፉ አንድ እርምጃ ተጠጋ፤
አቤት?