ከቢጫው በታች

ግሪምስቢ፣ ሐሙስ ማታ፣ ከዓሣ ጥብስ ቤቱ ሰገነት፣
ዘይቱ ከታች ይንጣጣል፤ እኛ ከላይ ዝም ያልንበት።
ስድስት ወንበር፣ አንድ አምፖል፣ የተላጠ ጠረጴዛ፣
የማርማላት ጠርሙስ ሞልቶ፣ ቀለም ጠጥቶ የወዛ።

ኦስዊን አሥራ አራት ዓመቱ፣ ሳይቀመጥ ጠየቀኝ፦
«ወይዘሮ ታስከር፣ ቢጫ እንዴት ነው?» ጥሩሩን እያሳየኝ።
ከአውራ ጣቴ ያነሰ ወታደር፣ ጋሻው ከጥፍሬ የሚጠብ፣
ራቁቱን፣ ግራጫ ፕላስቲክ፣ ልብስ እስኪያገኝ የሚያስብ።

እንዴት ነው ይላል፤ እንዴት ነው! ቀይ እንኳ ቢሆን ይገራል፣
ሰማያዊም እሺ ባይ ነው፣ በሁለት እጅ ቅብ ያድራል፤
ቢጫ ግን ኩሩ ድሃ ነው፣ ከላይ ሲያዩት የከበረ፣
የቤቱን ጉድ ባደባባይ ሲዘከዝክ የኖረ።

«ጥቁር መደብ ብትቀባለት፣ ጥቁሩን ጠጥቶ ይታመማል፣
አረንጓዴ ሐሞት ይተፋል፣ የወደብ ዝቃጭ ይመስላል።
አምስት እጅ፣ ስድስት እጅ፣ ሰባት እጅ ብትጨምር፣
ጉልበቱ ላይ ያ ሐሞት አለ፤ ቢጫ መች ያውቃል ምሥጢር።

ነጭስ? ነጭ ደግ ነው፤ ቢጫውን ቶሎ ያበራል፤
ግን ብሩሽህ የረገጠበት ኮቴው ሁሉ ይቀራል፤
ኖራ ኖራ ይላል ሲደርቅ፤ ቸኩለህ ካወፈርከውማ
ደረቱ ላይ ይጓጉላል፣ የሕፃን ትውከት ነው፣ ስማ።

እኔ — በሩን ዝጋውማ — ከሥሩ ሮዝ ነው የምቀባ።
አትሳቅ! የከረሜላ ሮዝ፣ የልደት ኬክ አበባ።
አርባ ወታደር ተሰልፈው ሳምንት ሙሉ ያፍራሉ፣
ጠመንጃቸውን ታቅፈው የሙሽራ አጃቢ ይመስላሉ።
ከዚያ ቢጫ፣ ውኃ የበዛበት፣ አንድ እጅ፤ ይድረቅ፤ ሁለት እጅ፤
ይድረቅ፤ ሦስት። አትቸኩል። ቢጫን የሚያታልል የለም፣ ልጅ።
በአራተኛው ከውስጥ አንድ ሙቀት ሲወጣ ታያለህ፣
ከቆዳ ሥር ያለ ደም ዓይነት፤ ከየት መጣ ትላለህ።
ከዚያ የስፖንጅ ቁራጭ፣ ቡናማ፣ ጠርዝ ጠርዙን ነካ ነካ፤
ያልተጫረ ጥሩር ያለው ያልዘመተ ነው ለካ።»

ይህን አልኩት። ያላልኩት ግን፦
አባቴ ከአይስላንድ ባሕር ሲመለስ፣ በር ላይ ቆሞ፣
የዘይት ካፖርቱ ጨው ለብሶ፣ እጥፋቱ ውኃ አቁሞ፣
የኮሪደሩ መብራት ሲያርፍበት የነበረውን ያን ቢጫ፣
እሱን ነው የምፈልገው፤ ለሌሎቹ ይሁን ዋንጫ።
ሃያ ሦስት ዓመት።
ቀርቤዋለሁ።
አንድ ሁለቴም ነክቼዋለሁ።
ሲደርቅ ግን ሌላ ሰው ነው።

ኦስዊን ሰማ፣ ሰማ፣ ሰማ፤ ራሱን ነቀነቀ በትሕትና፣
ከኪሱ ጠርሙስ አወጣ፣ ዋጋው ያልተላጠ ገና፤
ቀጭን፣ እንደ ሻይ የሚፈስ፣ «በአንድ እጅ ያልቃል» የሚባልለት፣
እኛ የድሮዎቹ ግን «የሰነፍ ውኃ» ስም ያወጣንለት።

ነጩ ላይ አፈሰሰው። መቀባት አይባልም ያ።
ቀለሙ ከደረቱ ሸሸ፣ ወረደ በየመገጣጠሚያ፣
ከክርኑ እጥፋት አቆረ፣ ከአንገቱ ሥር ጠቆር አለ፣
ትከሻው ላይ ሳስቶ ሳስቶ ነጩን ብርሃን አስመሰለ።

«ተበላሸ አይደል?» አለኝ፤ «ጥግ ጥጉ ላይ ተጠራቅሟል።»
አምፖሉን ጠጋ አደረግኩ።
ዝም አልኩ።
ከታች ዓሣው ይጠበሳል።

በር ላይ ቆሟል።
ርጥብ ነው። ጨዋማ ነው።
ከአውራ ጣቴ ያንሳል።

«ተበላሽቷል» አልኩት፤ «ግን ተወው። አንድ ጣት እንዳታስነካ።»
ከመድረቁ በፊት ወጣሁ፤
የአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አውቶቡስ አያመልጠኝም ብዬ፣
አውቶቡሱ ገና ሃያ ደቂቃ ነበረው ለካ።

አሁን ቤቴ ነኝ። አርባ ሮዝ ወታደር ከመደርደሪያው ያዩኛል።
ሱቁ ቅዳሜ
ስንት ሰዓት ላይ ይከፈታል?