እንገር

ከሌሊቱ ስምንት፤ የኖርዌይ ፊዮርድ ተኝቶ
ያንድ ጋጣ አምፖል ብቻ ቀርቷል በርቶ።
ጉንቮር ተንበርክካ፣ ንጹሕ ፎጣ ዘርግታ፣
ሩስላ ስታምጥ ትጠብቃለች በጸጥታ።

ግልገሏ ስትወጣ ጭድ አያገኛትም፤
የናቷም ምላስ ፈጽሞ አይነካትም።
አየር ላይ ተቀብላ፣ ጠቅልላ ትሮጣለች፤
ከኋላ ሩስላ አንዴ ትጮኻለች።

ጭካኔ አይደለም። ደዌው ያደፈጠው
በቢጫው እንገር ነው፣ እናት በምትሰጠው።

ያኔ፣ በአባቷ ዘመን፣ ከቶርላይፍ ጋጣ
ለአንድ ወር በውሰት ወጠጤ መጣ፤
ቀንዱ ታየ፣ ጺሙ ታየ፤
ደሙን ግን ማንም አላየ።
እንገሩም ለቁጠባ ባንድ ባልዲ ተቀላቀለ፤
ያንዷ ደዌ ለሃያ ግልገል ታደለ።

ዓመት ዓመትን ወለደ፣ አንድም ምልክት ሳይታይ፤
ከዚያ ጉልበት ቅል አከለ፣ ጡት ደነደነ እንደ ድንጋይ፤
መንጋው ተንበርክኮ ጋጠ፣ የሚጸልይ እስኪመስል፤
ሐኪሙ ደም ቀድቶ ሄዶ የላከው ወረቀት ሲል፦
«ከሰማንያ ፍየል ስልሳ አንዱ።»
ጉንቮር ደግማ ቆጠረች። ስልሳ አንዱ። በየስማቸው።

አሁን ከግድግዳው ማዶ፣ እጇን ታጥባ፣ ጫማ ቀይራ፣
የጎረቤት ላም እንገር፣ ለብ ያለ፣
ታጠጣለች በጡጦ፣ ግልገሏን ጭኗ ላይ አኑራ።
ይህች ትተርፋለች። እናቶቹ በመኸር ቄራ ይወርዳሉ፤
ስማቸውን ግን ሴት ልጆቻቸው ይወርሳሉ።

ከወዲያ ጩኸቱ ቆሟል።
ሩስላ በሩን አሽትታ፣ የሚላስ ነገር አጥታ፣
ጉንቮር ደጃፉ ላይ ያወለቀችውን፣
የምጥ ውሃ የነካውን ቦት ጫማ
ትልሳለች፣
እስኪነጋ፣ በእርጋታ።