አራተኛው ሜዳይ

የአባቴን ራዲዮ የኋላ ክዳኑን በቢላ ስንከፍት፣
ከሽቦው መካከል ተወሽቆ ኖሯል የካልሲ ከረጢት።
አራት የብር ሜዳይ።
አንዱ ባቡር አለው፤ አንዱ ላይ ድልድይ፤ በአንዱ ላይ ፀሐይ፤
አራተኛው ደግሞ ዘውድና ዘንባባ፣ ዙሪያውን ጽሑፍ፣
"ለሃያ አምስት ዓመት መታሰቢያ" ብሎ አንድ ፊደል የሚገድፍ።

እህቴ ጥሩአየር "ስንት ያወጣል?" አለች፣
ነጠላዋን ገና ለሐዘን ዘቅዝቃ እንደለበሰች።
አልፈረድኩባትም። ጣሪያው ያፈሳል፤ የዕድሩም ዕዳ አለ፤
ብርን "ብር" ያለ ሰው መሸጫውን ከስሙ አብሮ ቀላቀለ።

ፒያሳ ወጣሁኝ።
የማውቃቸው ወርቅ ቤቶች ፈርሰው፣ ቦታው ሣር ሆኖ አገኘሁ፤
ከተረፉት አንዱ ደረጃ ሥር ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ገባሁ።
ጋሽ ከሊፋ ባንድ ዓይኑ አጉሊ መነጽር እንደሰካ፣
ሦስቱን ከድንጋዩ ፈትጎ፣ አሲድ ጠብ አድርጎ፣ ዝም ብሎ ለካ።
"ለሰብሳቢ ቢሆን ዋጋው ሌላ ነበር፤ ሰብሳቢው የት አለ?
ድሮ ፈረንጅ ነበር፣ ቸርችል ጎዳና ላይ ከሱቅ ሱቅ እየዋለ።
እኔ የምገዛው ግራሙን ነው እንጂ ታሪኩን አይደለም፤
እሳት ውስጥ ሲገባ ባቡሩም ድልድዩም አንዱም አይተርፍም።"
ሰማንያ አራት ግራም።

አራተኛውን ግን መስተዋቱ ላይ ጣል አደረገው።
ድምፁን ሰማሁ። እሱም ሰማ። አነሳና ደግሞ ጣለው።
"ይሄ ብር አይደለም። ኒኬል ነው። አስመስለው ያስቀረጹት፤
እጁ ጥሩ እጅ ነው፤ አንዲት ፊደል ብቻ ናት የረሱት።"

ተስቦ የያዘኝ ዓመት።
ጥቁር አንበሳ፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ በመስኮት የሚታይ የባቡር ጣቢያ ቆርቆሮ፣
"እዚህ የለም፣ ከውጭ ግዙ" የተባለ መድኃኒት፣ ብልቃጡ በጋዜጣ ታስሮ።
አባባ ለእማማ "የመሥሪያ ቤት ብድር ነው" ሲላት፣ ጫማውን እያየ።
ደሞዙ ግን በዚያ ወር አልተቆረጠም፤ በሚቀጥለውም፤
ልጅ ነበርኩ፤ አልጠየቅኩም።

እማማስ?
በእንቁጣጣሽ ዋዜማ በሩን ዘግታ የምትወለውለው ነገር ነበራት፤
የአመድ ሽታ በበሩ ሥር ይመጣል፤ ጣቶቿ ሲጠቁሩ አይቻለሁ፣ ስወጣና ስገባ።
ብር ይጠቁራል። ኒኬል አይጠቁርም።
ሃያ ዓመት ሦስቱን ስታሽ፣ አራተኛው እንደነጣ ሲጠብቃት፣
አላየችም?
አይታለች።
አይታም እሱኑ ደግሞ ወልውላ መልሳ አስተኝታዋለች።

ሦስቱን ሸጥኩ። ብሩ ብር ሆነ።
የጥሩአየርን ድርሻ ቆጥሬ በመሐረብ ለብቻ አሰርኩ፤
"ይህቺማ ለቁልፍ መያዣም አትሆን" ሲለኝ፣ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ።

ታክሲ ውስጥ፣ ፖስታ ቤቱን እንዳለፍን፣ ረዳቱ "ሒሳብ!" አለኝ፤
እጄ ኪሴ ገብታ ያገኘችውን አወጣች።
ወደ መስኮቱ አስጠጋው፤ አገላብጦ አየው።
"ፋዘር፣ ይሄ አይሠራም።"
"አውቃለሁ" አልኩት።
መልሼ ስቀበለው፣
የመዳፉ ሙቀት ገና አልለቀቀውም ነበር።