ልክ ሲሰበር

በኡሉ ከተማ፣ ታኅሣሥ ሲጋመስ፣
ፀሐይ ሦስት ሰዓት ታይታ ስትመለስ፣
እኔ መስኮት ዘግቼ ጠጠር እቆጥራለሁ፤
በኮምፒውተሬ ላይ መንገድ እሠራለሁ።

አንዱን ክብ ሣልኩት፣ ሌላውን ማዕዘናም፣
ዐሥር ሺህ ፍሬ ጠጠር፣ አንዱ ካንዱ አይስማማም፤
በመሐል ሬንጅ አለ፣ በቁጥር የፈላ፣
ሲሞቅ እንደ ማር ነው፣ ሲበርድ ግን ሌላ።

ከዚያ አበርደዋለሁ። ዐሥር ከዜሮ በታች።
ሃያ። ሠላሳ አራት። መስመሯ ተነሣች።
ከሥር ከጫርኩላት ከጥፍር ምልክት ላይ
ቀጥ ብላ ወጣች ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣
እንደ ልብስ ሰፊ ክር፣ ምንም ሳታመነታ።
ስምንት ሰከንድ ብቻ፤ አለቀ ጨዋታ።

ታይስቶ ገባ በረዶውን አራግፎ፣
ከፑዳስየርቪ መንገድ የቆረጠውን አቅፎ፦
አንድ ክንድ ሙሉ አስፋልት፣ እንደ ጉማጅ ግንድ፤
ጠረጴዛዬ ላይ አስተኛው እንደ ልማድ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ስንጥቅ ሲደፍን የኖረ፣
ሬንጁ ከጥፍሩ ሥር ሳይለቅ የቀረ፣
ስክሪኔን አየና፦ «ኢርመሊ» አለኝ፣ «ያምራል።
ግን መንገድ እንዲህ ነው? እንዲህ ይሰበራል?
ሌሊት ስሰማውማ ጥይት ነው፤ ጧ! ይላል፤
ጠዋት ሄጄ ሳየው እንደ ሰካራም ሄዷል።»

በጣቱ ተከተለው፦
እዚህ ጋ ጥቁሩን ድንጋይ ፈርቶ ዞረ፤
እዚህ አመነታ፤
እዚህ ሁለት ሆነ፣ አንዱ መንገድ ላይ ቀረ፤
እዚህ ግን፣ አየሽ፣
ቀዩን ድንጋይ ራሱን ሰንጥቆ አለፈ።

«ቀዩ ምንድን ነው?»
«ልፍስፍስ። ከየመኪናው ጭነት ጥቂት አይጠፋም።
ካባ ወርዶ ጠንካራውን ብቻ የሚለቅም የለም።»

እኔ ለሁሉም አንድ ጥንካሬ ሰጥቼ ነበር።
ማን ነግሮኝ? ማንም።
ለስሌት ይቀላል እንጂ።

ያን ሌሊት ከመቶ ስድስቱን አደከምኩ፣
በዕጣ፤ የትኞቹ እንደሆኑ እኔም ሳላውቅ።
አበረድኩት።
መስመሯ ተነሣች፣ ዞረች፣ ቆመች፣
እንደገና ዞረች፣
አንዱን ደካማ አግኝታ በሆዱ አለፈች።

ከወንበሬ ዘልዬ ባዶ ክፍል ውስጥ ጮህኩ፦
«ልክ ተሰበረ! ልክ ተሰበረልኝ!»
ጠራጊዋ ሮጣ መጣች መጥረጊያዋን ይዛ፣
ወለሉን አየች፣ አየችኝ፣
ስባሪው የታል ብላ።

ጠዋት ለታይስቶ አሳየሁት።
«እንግዲህ አይሰነጠቅም ማለት ነው?»
«ይሰነጠቃል።»
«እንግዲያው በርሜሌን ላሙቅ» አለ፤
ግን አልሄደም። መስመሯ በዞረችበት፣
ልክ በዚያች እጥፋት፣ ጣቱን አሳረፈባት።

መስታወቱ ላይ ቀረ የጣቱ ሬንጅ፣ ጥቁር።
አልጠረግኩትም፤ ይኑር፣
እንደ አንድ ያልቆጠርኩት ጠጠር።