የጅራት ልክ

ከቲሳ ወንዝ ማዶ፣ ኮረብታ በሌለው፣
የሱፍ አበባውን ነፋስ በሚያምሰው፣
የጌርጌይ አውሮፕላን፣ ክንፉ ተሸፍኖ፣
ጅራት አልባ ቀረ ጋራዥ ተከድኖ።

ሰውየው በጥቅምት በልቡ ታመመ፣
እስከ ገና እንኳን ደርሶ አልከረመ።
ንድፉን ከመሳቢያ ሚስቱ ብታወጣ፣
አይጥ በልታው ኖሮ ጥጉ ጠፍቶ መጣ።
ክንፉ ሙሉ ነበር፣ አፍንጫው፣ ሆዱ፤
ጅራቱን ብቻ ነው አይጦች የወሰዱ።
ከተበላው ጠርዝ ላይ የእጅ ጽሕፈት ቀርቷል፤
«አት—» ይላል። ቀሪውን ጉድጓድ ውጦት ገብቷል።

ለራሱ ነው እንዳንል፦ አታብዛ? አታሳንስ?
ለሷ ነው እንዳንል፦ አትንኪ? አታልቅሺ?
ሙት አይጠየቅም።

ኤቴልካ የዳቦ ቤት ሂሳብ ያዥ ነበረች፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳንቲም ያላጎደለች።
የክንፉን ስፋት ለክታ ለአምስት አካፈለች፣
«አግድሙ ጅራት ይኸው» ብላ ቆረጠች።
ግን ከዚያ ጅራት ላይ የሚንቀሳቀሰው፣
አፍንጫን ሽቅብ ቁልቁል የሚያዘው፣
ሲሶው ነው? ግማሹ? ድርሻው ስንት ነው?

የጎረቤት ልጅ ቤንዴጉዝ፣ አሥራ ሦስት ዓመቱ፣
«ግማሹን አድርጊው» አለ፤ አያንስም አንደበቱ።
ባልሳውን ቆረጠች፣ ማጠፊያውን በጨርቅ ሰፋች፣
እሑድ ጠዋት ሜዳ ወጥታ መቆጣጠሪያውን ያዘች።
አውራ ጣቷ ፈቀቅ ቢል፣ የስንዴ ቅንጣት አህሎ፣
አውሮፕላኑ ዘለለ፣ ንብ እንደነደፋት በቅሎ።
ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ሽቅብ፤ ባረመችው ቁጥር እየባሰበት፣
«ቁርጥ ጌርጌይን!» አለች፣ ማሳው መሃል ሲገባበት።

ሁለተኛው ጠበበ፤ ፈሪ እጅ የቆረጠው፣
ጥፍሯ እስኪነጣ ብትስብ ምንም የማይሰማው።
ነፋስ እንደወሰደው፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይታወክ፣
ከመስኖው ቦይ ገባ፣ እንቁራሪት ሊያውክ።

በረዶ ጣለ።
ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ካርቶን ስትቀድ እያመሸች
አንድ ነገር ገባት፦ ጅራት ከክንፉ በራቀ ቁጥር
ትንሽ ይበቃዋል።
እጀታው የረዘመ መጥረቢያ
ክንድ አያደክምም፤ ይህን ማንም አልነገራትም።
የጌርጌይ አውሮፕላን ደግሞ ወገበ ረጅም ነው።
ጅራቱን ሸረፈችው። የሚንቀሳቀሰውን
ከሲሶ ጥቂት አሳለፈችው፤
ጥቂቷን በጥፍሯ ለካች።

ሚያዝያ። ነፋሱ ለዘብ ብሏል፤ ቤንዴጉዝም ምክር የለው።
ስትገፋው ወረደ። ስትስበው ቀና አለ።
ስትለቀው
ማንም ሳይዘው፣ ቀጥ ብሎ፣ ሄደ።
«ልክ ነው» አለ ልጁ።
«ልክ ገባ» አለች እሷ፤
በአርባ ዓመት ትዳር ልክ ያላስገባችውን ሰው
አስባ ሳቀች። ሳቋ ትንሽ ቆየ።

ማታ በተበላው ጥግ ነጭ ወረቀት ለጠፈች፤
ከአሥራ አምስት ሳንቲሜትር አምስት ተኩል፣
ብላ በእርሳስ ጻፈች።
«አት—»ን ግን አልሞላቻትም።
ንድፉን ጠቅልላ ብስኩት ጣሳ ውስጥ ከተተች፣
አይጥ እንዳይደርስበት።
የጣሳው ክዳን ትንሽ ላላ ይላል።